የትልቁ አንጀት ካንሰር በወንድና በሴት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር የሚጻፉ ማብራሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው ወንድም ሆነ ሴት ነገሩ አንድ እንደሆነ አድርገው ያልፉታል። ልዩነት ግን አለ፤ ያለውም ብዙ ሰው በሚፈልገው ቦታ ላይ አይደለም። «ማንን ይበልጥ ያጠቃል?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «በየትኛው የአንጀት ክፍል ይነሳል? በስንት ዓመት? በምን ምልክት?» የሚሉት የበለጠ ይጠቅማሉ። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች በእነዚህ ላይ ያተኩራሉ። ሬክተም የምንለው የትልቁ አንጀት የመጨረሻውን፣ ሰገራ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን ክፍል ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወንዶች በሽታ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው፤ ሴቶችን የሚያዘናጋውም ይኸው ግማሽ እውነት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2022 በመላው ዓለም ወደ 1.9 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ ካንሰር እንደተያዙ ገምቷል። ወደ 1.07 ሚሊዮን የሚሆኑት ወንዶች፣ ወደ 860 ሺህ የሚጠጉት ደግሞ ሴቶች ናቸው። የዕድሜ ልዩነት ተስተካክሎ ሲሰላ የወንዶቹ የመያዝ መጠን ከሴቶቹ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጋል። ልዩነቱ በሬክተም ካንሰር ላይ ይሰፋል፤ በቀኝ በኩል ባለው የአንጀት ክፍል ላይ ግን ይጠባል።

በየዓመቱ ይህን ያህል ሴቶችን የሚይዝ ካንሰር የወንድ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ታዲያ በሕይወት ዘመን ሲሰላ ቁጥሩ ለምን ይቀራረባል?

ሴቶች ረዘም ላለ ዕድሜ ስለሚኖሩ ነው። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር እንደሚያሰላው በዚያ አገር ከ24 ወንዶች አንዱ፣ ከ26 ሴቶች ደግሞ አንዷ በሕይወት ዘመናቸው ይያዛሉ። በ60 ዓመት ላይ ሰፊ የነበረው ክፍተት በ80ዎቹ ዕድሜ ላይ ይጠባል። በሽታው ሴቷን አይምራትም፤ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ይመጣባታል እንጂ። መዘግየቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የመደበኛ ቅድመ ምርመራ ፕሮግራሞች ሰዎችን መጥራት የሚያቆሙት ብዙውን ጊዜ በ70ዎቹ አጋማሽ ላይ ነውና።

ወንዶችን ቀድሞ የሚይዘው ለምንድን ነው?

አንድ ምክንያት ብቻ ቢኖር መልሱ ይቀል ነበር። በመጀመሪያ አኗኗር አለ፦ በአብዛኛው ዓለም ወንዶች ከሴቶች ይበልጥ ይጠጣሉ፣ ይበልጥ ያጨሳሉ፣ ቀይ ሥጋና እንደ ቋሊማ ያለ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋም ይበልጥ ይበላሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 የተዘጋጀ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በዋነኛነት በዚሁ ካንሰር ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በቀን 50 ግራም መብላት አደጋውን በ18 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ውፍረትም ቢሆን በወንድ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ይበረታል። የወንድ ስብ በሆድ ውስጥ፣ በአካላት ዙሪያ መከማቸት ይቀናዋል፤ ይህ ዓይነቱ ስብ ኢንሱሊንን ከፍ ያደርጋል፣ የአንጀት ሽፋን ሕዋሳትንም ለመባዛት ይገፋፋል።

ሆኖም አኗኗር ብቻውን ልዩነቱን ሁሉ አያስረዳም። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን በአንጀት ሽፋን ላይ የሚቀበለው ሞለኪውል አለ፤ በዚያ በኩልም የሕዋሳትን ከልክ ያለፈ መባዛት ይገታል ተብሎ ይታሰባል። በ2023 ደግሞ ኔቸር በተባለው መጽሔት አንድ ሌላ ፍንጭ ወጣ። ተመራማሪዎች ኬራስ የሚባለው ጂን የተበላሸባቸውን አይጦች ሲያጠኑ፣ በዋይ ክሮሞሶም ላይ የሚገኝና በወንዶች ብቻ ያለ ኬዲኤም5ዲ የተባለ ጂን ከልክ በላይ ሲሠራ አገኙት። ይህ ጂን ሕዋሳቱ እርስ በርስ የተያያዙበትን ማሰሪያ ያላላል፤ ዕጢውንም ከሰውነት መከላከያ ዓይን ይሰውረዋል። በአይጥ የታየ ሁሉ በሰው ላይ እንዳለ ይደገማል ማለት ባይሆንም፣ ጥፋቱን ሁሉ በመጠጥና በሥጋ ላይ ለሚያሳብቡ ሰዎች ጥሩ ማስታወሻ ነው።

ኤስትሮጅን የሚከላከል ከሆነ ካረጥኩ በኋላ ሆርሞን ብወስድስ?

ለዚህ ዓላማ አይታዘዝም። በአሜሪካ በተደረገ ትልቅ ጥናት ከ16 ሺህ በላይ ያረጡ ሴቶች ተሳትፈው ነበር። ኤስትሮጅንንና ፕሮጀስቲን የተባለውን ሌላ ሆርሞን በአንድነት የወሰዱት ሴቶች በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዛቸው መጠን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ይሁንና የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ችግሮች በመጨመራቸው ጥናቱ በ2002 ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ። በተጨማሪም ሆርሞኑን እየወሰዱ በአንጀት ካንሰር የተያዙት ሴቶች በሽታቸው የተገኘው ይበልጥ ከተስፋፋ በኋላ ነበር። ኤስትሮጅንን ብቻውን በወሰዱት ሴቶች ላይ ደግሞ የመከላከል ጥቅሙ አልታየም። ሆርሞን የሚወስዱት ለማረጥ ምልክቶች ከሆነ ከሐኪምዎ ጋር የሚወስኑት የተለየ ጉዳይ ነው።

«ቀኝ» እና «ግራ» የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ለምንስ ሴቶችን ይመለከታል?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ መልስ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ።

ትልቁ አንጀት ሆድን እንደ በር መቃን ይዞራል። በቀኝ በኩል ከታች ይነሳና ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ተሻግሮ በግራ በኩል ይወርድና ሬክተም ላይ ያበቃል። ወደ ቀኙ ክፍል የሚገባው ነገር ገና ፈሳሽ ነው፤ ቦታውም ሰፊ ነው። እዚያ የበቀለ ዕጢ መንገድ ሳይዘጋ ለረጅም ጊዜ ማደግ ይችላል። ቢደማም ደሙ ከሰገራው ጋር ተደባልቆ ስለሚሄድ በዓይን አይታይም። ግራው ግን ጠበብ ያለ ነው፤ ሰገራውም እዚያ ሲደርስ ጠጥሯል። ስለዚህ በግራ በኩል ያለ ዕጢ ቶሎ ራሱን ያጋልጣል፦ ሆድ ያደርቃል፣ የሰገራን መልክና ልማድ ይለውጣል፣ ቀይ ደም ያሳያል።

በሴቶች ላይ፣ በተለይም ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ፣ ቀኙ ይበዛል። በወንዶች ላይ ግራውና ሬክተሙ ይበዛሉ። አነሳሱም ሊለይ ይችላል። አብዛኛው የዚህ ካንሰር ዓይነት ከፖሊፕ ይነሳል፤ ፖሊፕ ማለት በአንጀት ሽፋን ላይ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ ሲሆን ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይወስድበታል። የተለመደው ፖሊፕ እንደ እንጉዳይ ጎልቶ ይታያል። በቀኝ በኩል የሚገኝ ሌላ ዓይነት ግን አለ፦ ዝርግ፣ ገርጣ ያለ፣ ንፍጥ የመሰለ ሽፋን የለበሰ፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይም ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል። ይህኛው በምርመራ ጊዜ በቀላሉ ያመልጣል። በዚህ መንገድ በሚመጣ ካንሰር ላይ ብዙ ጊዜ ቢራፍ የሚባለው ጂን ተለውጦ፣ የዲኤንኤ ስህተትን የሚያርመው ኤምኤልኤች1 የተባለው ጂን ደግሞ ሥራ አቁሞ ይገኛል። ይህ ዓይነቱ ካንሰር በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጥ ይታያል።

ቦታው ሕክምናንም ይወስናል። ሴቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ለተሰራጨ የግራ ካንሰር ይጠቅማል፤ የሚጠቅመውም «ራስ» (RAS) የሚባሉት ጂኖች ካልተለወጡ ነው፤ በቀኝ ላይ ጥቅሙ ይሳሳል። በሌላ በኩል የዲኤንኤ ማረሚያቸው የተበላሸባቸው ዕጢዎች የሰውነትን መከላከያ ለሚያነቃቁ መድኃኒቶች በደንብ ይንበረከካሉ። ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት በ2020 በአሜሪካ ለእንዲህ ያለ የተሰራጨ ካንሰር የመጀመሪያ ሕክምና ሆኖ ተፈቅዷል። ስለዚህ ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ለዚህ መመርመሩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ምልክቶቹ በወንድና በሴት ይለያያሉ?

የምልክቶቹ ዝርዝር አንድ ነው፦ የሰገራ ልማድ ለሳምንታት መለወጥ፣ ደም፣ የሆድ ቁርጠት፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ ከተጸዳዱ በኋላም ያልጨረሱ መስሎ መሰማት። የሚለያየው ሰዎች ለምልክቱ የሚሰጡት ምክንያት ነው።

የደም ማነስን እንውሰድ። ከቀኝ በኩል የሚፈስ የማይታይ ደም ቀስ በቀስ የሰውነትን ብረት ያሟጥጣል፤ ሰውየው ሲደክመው፣ ደረጃ ሲወጣ ሲያለከልክ ይገኛል። ሴት ላይ ሲሆን የመጀመሪያው ማብራሪያ የወር አበባ ነው፤ የብረት ክኒን ታዝዞላት ትሸኛለች። በወጣት ሴት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ግን ማብራሪያውም አብሮ መቆም ነበረበት። በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ የተገኘበት ማንኛውም ወንድ፣ እንዲሁም ያረጠች ማንኛዋም ሴት፣ ሆድና አንጀታቸው መመርመር አለበት። ክኒኑ የደሙን ቁጥር ከፍ አድርጎ ጥያቄውን ብቻ ይሸፍነዋል።

የሆድ መነፋት በሴት ላይ ከማህፀን ወይም ከሆርሞን ጋር ይያያዛል። ደም ሲታይ ደግሞ ሁለቱም ፆታዎች ኪንታሮት ይላሉ፤ በተለይ የወለደች ሴት። ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰርም ሊኖርበት ይችላል፤ አንዱ መኖሩ ሌላውን አያስቀረውም። ወንዶች ደግሞ በሐፍረት ወይም «ያልፋል» በማለት ወራትን ያባክናሉ።

የሰገራ ምርመራ ለሁለቱም እኩል ይሠራል?

ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ምርመራው በሰገራ ውስጥ ያለውን የሰው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደምን ቀይ የሚያደርገውን ፕሮቲን፣ ይለካል። ሴቶች በደማቸው ያለው የሄሞግሎቢን መጠን ከወንዶች ያነሰ ነው፤ ሰገራቸውም በአንጀት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ዕጢያቸው በቀኝ ከሆነ ደግሞ ደሙ እስኪወጣ ድረስ ይፈራርሳል። በመሆኑም ለሁለቱም አንድ ዓይነት መቁረጫ ነጥብ (ውጤቱን አጠራጣሪ የሚያሰኘው መጠን) ሲቀመጥ ከሴቶች የሚያመልጠው ካንሰር ይበዛል። ስዊድን ይህን ተገንዝባ ነጥቡን ለያይታለች፦ ለሴቶች በአንድ ግራም ሰገራ 40 ማይክሮግራም፣ ለወንዶች 80። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ግን አንድ ነጥብ ለሁሉም ይጠቀማሉ። ውጤቱ «ነጻ» ሆኖ ምልክት ያላት ሴት በወረቀቱ መጽናናት የለባትም።

የአንጀቱን የታችኛውን ክፍል ብቻ የሚያይ አጭር መሣሪያ ቢበቃኝስ?

ለሴት አይበቃም ለማለት የሚያስደፍር መረጃ አለ። በኖርዌይ በተደረገ ትልቅ ሙከራ በዚህ ምርመራ ወንዶች በግልጽ ሲጠቀሙ በሴቶች ላይ ጥቅሙ እምብዛም አልታየም። መሣሪያው ግራውን ብቻ ስለሚያይ ይህ ብዙ ሊያስገርም አይገባም።

ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በሙሉ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሚያየው ምርመራ) ለሴቶች ይከብዳል የሚባለውስ?

ብዙ ጊዜ አዎ። የሴት ትልቅ አንጀት ቁመቷ ከወንድ አጭር ሆኖ ሳለ ረዘም ይላል፤ መሻገሪያው ክፍልም ወደ ዳሌ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ደግሞ አንጀቷ በጠባሳ ተጣብቆ ሊታጠፍ ይችላል። ይህ ምርመራውን የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። ቀደም ያለ ቀዶ ሕክምና ካለ አስቀድሞ መናገር ይረዳል፤ ሐኪሙ ቀጠን ያለ መሣሪያ መምረጥ ይችላልና። ከምርመራው በኋላ «መሣሪያው ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር እስከሚገናኝበት ደርሷል?» ብለው ይጠይቁ። ካልደረሰ ያልታየው ክፍል ቀኙ ነው። መርማሪዋ ሴት እንድትሆን መፈለግም የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

በስንት ዓመቴ ልጀምር?

የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል በ2021 መነሻውን ከ50 ወደ 45 ዓመት ዝቅ አድርጓል፤ ለወንድም ለሴትም። ሌሎች አገሮች የየራሳቸው መነሻ አላቸው። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ በዚህ ካንሰር ከተያዙ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ በ40 ዓመት፣ ወይም ዘመድዎ ከተያዙበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድሞ፤ ከሁለቱ የሚቀድመው።

በቤተሰባችን የአንጀት ካንሰርም የማህፀን ካንሰርም አለ። ግንኙነት አላቸው?

ሊኖራቸው ይችላል፤ ስሙም ሊንች ሲንድሮም ይባላል። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዲኤንኤ ማረሚያ ጂኖች ጉድለት ሲሆን፣ ከመቶ የትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚዎች ሦስት ያህሉ ላይ ይገኛል። ጉድለቱ ያለበት ወላጅ፣ አባትም ይሁን እናት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

የታሪኩ መነሻ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። በ1895 አልድሬድ ዋርቲን ለተባለ አሜሪካዊ የፓቶሎጂ ሐኪም፣ ብዙ ዘመዶቿ በአንጀት ወይም በማህፀን ካንሰር እንዳለቁ ነግራ፣ እሷም በዚያው እንደምትሞት ተናገረች። እንዳለችውም በማህፀን ካንሰር ሞተች። ዋርቲን የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መዝግቦ በ1913 አሳተመ፤ ሄንሪ ሊንች ደግሞ በ1960ዎቹ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ማጥናት ጀመረ። የሴትየዋ ትዝብት ከሳይንሱ በብዙ አሥርታት ቀድሞ ነበር።

ይህ ጉድለት ያለባቸው ወንዶች በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሴቶቹ ከፍ ይላል። ሴቶቹ ግን የማህፀንና የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ይጨመርባቸዋል፤ በአንዳንዶቹ ጂኖች ላይ የማህፀኑ አደጋ ከአንጀቱ አያንስም። ስለዚህ የማህፀን ካንሰር የያዛት አክስት ወይም አያት ስለ እርስዎ አንጀት ትናገራለች፤ ወንድ ቢሆኑም እንኳ። ጉድለቱ የተረጋገጠባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዓመት ጀምሮ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ ይደረግላቸዋል።

የማያጨስ ወንድና የምታጨስ ሴት ብናወዳድርስ?

እንዲህ ያለውን ጥንድ ለይቶ ማስላት ያስቸግራል፤ የሚጠቅመው ሌላ መረጃ ነው። ከ600 ሺህ በላይ ሰዎችን በተከታተለ የኖርዌይ ጥናት፣ አጫሽ ሴቶች ካላጨሱ ሴቶች ጋር ሲነጻጸሩ በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ19 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ በወንዶች ላይ ጭማሪው 8 በመቶ ነበር።

የፊንጢጣ ካንሰር ይኸው ነው?

በንግግር «ፊንጢጣ» የምንለው ቃል ሬክተሙንም መውጫውንም ይጠቀልላል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የመውጫው ካንሰር በአብዛኛው የሚነሳው የማህፀን በር ካንሰርን ከሚያመጣው ኤችፒቪ ቫይረስ ነው፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና በጨረርና በኬሞቴራፒ ይታከማል። የምርመራ ወረቀትዎ ላይ የትኛው እንደተጻፈ ያረጋግጡ።

ኬሞቴራፒ ሴቶችን ይበልጥ ያሠቃያል?

የዚህ ካንሰር መሠረታዊ መድኃኒት በሆነው ፍሎሮዩራሲል ላይ፣ አዎ። መጠኑ በቁመትና በክብደት ይሰላል፤ የሴት ሰውነት ግን መድኃኒቱን በዝግታ ያስወግዳል። ማቅለሽለሽ፣ የአፍ ቁስል፣ የፀጉር መሳሳትና የነጭ ደም ሕዋሳት መቀነስ በሴቶች ላይ ይበዛል። ይህ የትዕግሥት ማነስ አይደለም፤ ለሐኪም ሊነገር የሚገባው ነው፤ መጠን ይስተካከላል። ዲፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሰዎች፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ በዚሁ መድኃኒት ሊሞቱ ይችላሉ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2020 ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ይህ እንዲመረመር መክሯል።

የመዳን ዕድሉ የማን ይሻላል?

በጥቅሉ የሴቶች ትንሽ ይሻላል፤ ጥቅሙ የሚታየው በወጣቶቹ ላይ ሲሆን ዕድሜ ሲገፋ ይጠፋል። ይሁንና ከፆታ ይልቅ የተገኘበት ደረጃ ይበልጣል። በአሜሪካ መረጃ፣ ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል 90 በመቶ ገደማው ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ፤ ወደ ሩቅ አካል ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘባቸው መካከል ግን ከ20 በመቶ ያነሱት።

ከሬክተም ቀዶ ሕክምና በኋላ የጾታ ግንኙነትስ?

የወንድ ዳሌ ጠባብ ስለሆነ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል፤ የተሰፋው አንጀት የማፍሰስ ዕድሉም በወንዶች ላይ ከፍ ያለ ነው። በዳሌ ውስጥ የሚያልፉት ነርቮች ከተጎዱ የብልት መቆም ችግር ይከተላል፤ የዘር ፈሳሽም ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ፊኛ ሊመለስ ይችላል። ሴቷም ያው ነርቭ አላት። ድርቀት፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ከጨረር በኋላ የብልት መጥበብ ያጋጥማታል። ወንዱ ስለዚህ አስቀድሞ ሲነገረው ሴቷ ሳትጠየቅ የምታልፍበት ጊዜ ይበዛል። ካልተነሳ እርስዎ ያንሱት፤ የሚረዱ ቅባቶች፣ ማስፊያ መሣሪያዎችና መድኃኒቶች አሉ።

ገና ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

ጥያቄው ከ50 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች ዘንድ እየበዛ ነው። በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በ1990 አካባቢ የተወለዱ ሰዎች በ1950 አካባቢ ከተወለዱት ይልቅ፣ በተመሳሳይ ዕድሜ ላይ፣ በአንጀት ካንሰር የመያዝ አደጋቸው ሁለት እጥፍ፣ በሬክተም ካንሰር ደግሞ አራት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ተዋናዩ ቻድዊክ ቦስማን በ2020 በዚህ በሽታ ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር።

ዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረር የእንቁላል ማምረቻዎችን ሥራ አስቁሞ ሴቷን ያለጊዜዋ ሊያሳርጣት፣ ማህፀኗንም ሊጎዳ ይችላል። በወንድ ላይም የዘር ፍሬ ማምረትን ያዳክማል። ወንዱ የዘር ፈሳሹን ለማስቀመጥ አንድ ቀን ሊበቃው ይችላል። ሴቷ እንቁላል ለማስቀመጥ ሁለት ሳምንት ያህል መድኃኒት መውሰድ ይኖርባታል፤ ወይም ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ማምረቻዎቹ በቀዶ ሕክምና ከጨረሩ መንገድ ወደ ላይ ይነሱላታል። ስለዚህ ጥያቄው መቅረብ ያለበት የሕክምናው ቀጠሮ ሲያዝ እንጂ የመጀመሪያው ጨረር ከተሰጠ በኋላ አይደለም።